ስለ ወይዘሮ ኣኽበረት ዕረፍትና ስለ ጎዳይፉ ልቅሶ

ከሹራብ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር
አስመራ፣ ሰኔ 1963 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦችና ለአስመራ ሕዝብ፤

የማኅበራችን መሥራችና ለረጅም ዘመን የሴቶች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ኣኽበረት ተወልደመድኅን፣ ከእስር ይዘውት በወጡት የሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው እሑድ ጎዳይፍ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን የምንገልጸው አንጀታችን እያረረ ነው። ዕድሜያቸው አርባ ሁለት ነበር። ይህን መግለጫ በአማርኛ የጻፍነው ደንቡ ስለሚያዝ ነው፤ የምናለቅሰው በትግርኛ ነው።

ወይዘሮ ኣኽበረት በዓዲ ኣበይቶ ተወልደው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወደ ከተማ ገቡ። ገና ልጃገረድ ሳሉ በሹራብ ፋብሪካ ተቀጥረው፣ እስኪታሰሩ ድረስ ከሹራብ መሥሪያ ማኪናቸው ፊት አልተለዩም።

በ1945 ዓ.ም. ሠራተኛው መብቱን ለማስከበር ማኅበር ሲያቋቁም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። መድረክ ላይ ወጥተው የተናገሩበት ጊዜ ትዝ አይለንም። ንግግር ሲረዝም ፊታቸው ይከፋ ነበር፤ የማኅበሩ ወንዶች ይህን ያስታውሱታል፣ ከረሱም እናስታውሳቸዋለን። እርሳቸው የሚሉት ሌላ ነበር። መናገር የማይሆንላት ታዳምጥ፤ ባሏ ስብሰባ የሚከለክላት ለምትሄደው ልጇን ትያዝላት፤ ፊደል የቆጠረች አቤቱታ ትጻፍ፤ ይህም ያቃታት ከሥራ ወደ ተባረረችው ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ውሃ ትቅዳ። «እኔ ምን አቅም አለኝ» ብላ ቤቷ የቀረች ሴት በእርሳቸው ዘንድ ምክንያቷ ተቀባይነት አልነበረውም።

በመጋቢት 1950 ዓ.ም. የሠራተኛው አድማ በጥይት ተበትኖ ማኅበሩ ሲታገድ መሰብሰብ አደገኛ ሆነ። ያኔ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ብልሃት አመጡ። በአገራችን ወደ ልቅሶ ቤት የሚሄድ ጎረቤት መቀመጫውን፣ እኛ ዱካ የምንለውን በርጩማ፣ ይዞ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ዱካ የተሸከመችን ሴት ማንም አያስቆማትም። ስለዚህ ለስብሰባ አባሉ ሁሉ ልቅሶ የሚደርስ መስሎ፣ ዱካውን ይዞ ወደ ወይዘሮ ኣኽበረት ግቢ ገባ። ጎረቤቱን ግን አላሰብነውም ነበር። የጎዳይፍ ሰው ዱካ ሲገባ እያየ እንዴት አርፎ ቤቱ ይቀመጥ? ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ የራሱን ዱካ ይዞ፣ ከመንገድ ጀምሮ እያለቀሰ መጣ። ግቢው ሞላ። ማን እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ያነባል።

ወይዘሮ ኣኽበረት እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ተነሥተው «የሞተ ሰው የለም። የሞተው ማኅበራችን ነው። አታለልናችሁ፤ ይቅር በሉን» አሉ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ወጣ፤ መቆጣቱም አግባብ ነበር። ሌላው ግን እንባውን ጠርጎ ዱካው ላይ እንደ ተቀመጠ ቆየ። ከእነርሱ መካከል ዛሬ የማኅበራችን አባላት የሆኑ አሉ። ከዚያ ወዲህ በሐሰት ልቅሶ መሰብሰብን ወይዘሮ ኣኽበረት አጥብቀው ከለከሉ። የሰው እንባ መጫወቻ አይደለም አሉ።

በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ የቀረልን የመረዳጃነት ፈቃድ ብቻ ነበር። እርሳቸውም ሥራውን ወደ እውነተኛው ልቅሶ ቤት ወሰዱት። ሰው የሞተበት አባል ቤት ቀድመን እንድንደርስ፣ ዳስ እንድንጥል፣ ውሃ እንድንቀዳ፣ ሕፃናቱን እንድንይዝ ሥርዓት አወጡ። ስለ ደመወዝና ስለ መብት የሚነሣው ጨዋታ ሐዘንተኛው ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ሐዘንተኛው ራሱ የሚጀምርበት ጊዜ በዛ።

በ1958 ዓ.ም. ከሠራተኞቹ አንዷ አርግዛ በመገኘቷ ተባረረች። በማግሥቱ ጠዋት ሴቶቹ ዱካቸውን ይዘው ፋብሪካው በር ላይ ተቀመጡ። ካፖ የምንለው የክፍሉ አለቃ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ማን እንደ ሞተ በትሕትና ጠየቀ። «እስካሁን ማንም። እንዳይሞት ነው የተቀመጥነው» አሉት ወይዘሮ ኣኽበረት። ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ልጇንም በሰላም ወለደች። ይህን መግለጫ የምትጽፈው እርሷ ናት።

ባለፈው ታኅሣሥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ወይዘሮ ኣኽበረት ከፋብሪካው በር ተወሰዱ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። በግንቦት ሲፈቱ ከአውቶቡሱ ፌርማታ እስከ ቤታቸው ያለችውን አጭር መንገድ የጨረሱት በልጃቸው ተደግፈው፣ እያረፉ ነው። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ መልሰው ስለ ሥራው ይጠይቁት ነበር። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «ደሓን እየ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ደኅና አልነበሩም።

ሰኞ ዕለት በቀብራቸው ላይ ከቤተ ዘመድ በቀር ማንም እንዳይገኝ ታዘዘ። በየቤታችን ቀረን። እርሳቸው ቢኖሩ ምን ይሉን እንደ ነበር እናውቃለን።

አሁን ደግሞ በልቅሶው ላይ ዘመድ ካልሆነ በቀር እንዳይቀመጥ ተብሏል። ማኅበሩ ዘመድ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ መልስ ስላላገኘ ራሱ ለመወሰን ተገድዷል። ልጅ የያዙለት፣ አቤቱታ የጻፉለት፣ ውሃ የቀዱለት፣ በእርሳቸው ምክንያት እንጀራው ያልተቋረጠ ሁሉ ዘመዳቸው ነው። ያን ቀን ተታልሎ ያለቀሰው ጎረቤትም ዘመዳቸው ነው፤ ተቆጥቶ የወጣውም ጭምር። ይህ የማኅበሩ ውሳኔ ነው።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ጽገ፣ ለልጃቸው ለኣርኣያ፣ አብረዋቸው ማኪና ፊት ለቆሙት ሁሉ ብርታቱን ይስጣችሁ እንላለን። ለእኛም እንዲሰጠን ለምኑልን።

ልቅሶው ቅዳሜ ጠዋት ጎዳይፍ በቤታቸው ነው። መምጣት አደጋ እንዳለው አንሸሽግም። የፈራ አይወቀስም፤ የመጡትን ሰዎች ልጆች ይያዝልን፣ ወይም ውሃ ይላክልን። የምትመጡ ዱካችሁን ይዛችሁ ኑ። በመንገድ አስቁሞ ማን ሞተ የሚላችሁ ቢኖር ስማቸውን ንገሩት። የአሁኑ እውነት ነው።

ብርቅነሽ ኣስመሮም
የማኅበሩ ጸሐፊ