ስለ ተበላው የላቦራቶሪ እንቁላል

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን የተግባር ትምህርት ተቆጣጣሪ፣

አላህ ሙሉ ጤና ይስጥዎ፤ የምግብ ፍላጎትዎም ባለፈው ወር ፒያሳ በተሰጠን የሥርዓተ ምግብ ሥልጠና ላይ እንዳየሁት ዘወትር የተከፈተ ይሁን። እኔ ገራዶ መንገድ ካለው ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህሩ እንድሪስ ነኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ ላቦራቶሪ እንዳለን የሚያስታውስ አለቃ አልነበረንም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የፕሮቲንና የስታርች ሙከራ ልናደርግ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት ቅቅል ድንች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አዮዲን ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ የዘጠነኛ ክፍሏ ሳፊያ በልታቸዋለች። እኔ ሞኙም በሪፖርቴ ላይ «ናሙናው ተበልቷል» ብዬ እውነቱን ጻፍሁ። እርስዎ ደግሞ ወላጇን ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ አዘዙ፤ ከቀረች ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት፦

1. በማስጠንቀቂያዎ ላይ «ሙከራው አልተካሄደም» መባሉ ቅር አሰኝቶኛል። መጽሐፋችን ስታርች ከአፍ ጀምሮ ወደ ስኳር እንደሚለወጥ፣ ፕሮቲንም ሰውነት እንደሚገነባ ያስተምራል። ይህ ሁሉ በሳፊያ ሆድ ውስጥ በሚገባ ተከናውኗል፤ እኛ ያላየነው ልጅቷ እንደ ብርጭቆ ስለማታሳይ ብቻ ነው።

2. እናቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ፤ አንድ ቀን ከቀሩ ሥራቸው የሌላ ሰው ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። «መመሪያ ነው» የሚለው መልስዎ አጭርና ለሽምደዳ የሚመች በመሆኑ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3. የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እርስዎን ማለቴ አይደለም፤ እኔም ያን ዕለት ቁርሴን በልቼ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሳስተምራት አንድም ቀን «በልተሻል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ለዚህኛው ጥፋቴ ግን ማስጠንቀቂያ አልጻፉልኝም።

ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ቤቷ ሄድሁ፤ ርዕሰ መምህሩን ለመንሁ፤ እንቁላሉን ከቤቴ አምጥቼ ብተካ «ከግዥ ሥርዓት ውጭ ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ። አቅሜ እዚህ ላይ አለቀ። ልጅቷ እንድትመለስ አንዲት ፊርማዎን ብቻ እለምናለሁ።

ለመመሪያ ያለዎትን ፍቅር ዕድሜ ልኩን ቢማር የማይደርስበት፣
ትሑት ታዛዥዎ፣
መምህር እንድሪስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ወሬ ደረሰኝ። ሳፊያ ዕድሜዋን ከፍ አድርጋ አስመዝግባ እናቷ ከሚሠሩበት ፋብሪካ ተቀጥራለች። ወላጅሽን ይዘሽ ወደ ትምህርት ቤት ነይ ያሏት ልጅ ወላጇ ዘንድ ደርሳለችና፣ የትእዛዝዎ ግማሽ ስለተፈጸመ እንኳን ደስ ያለዎት።