አሥራ ዘጠኝ ደረጃ

ማርች 3
ከባሌ ከዩሊስ ጋር በረንዳ ላይ ሽሪምፕ ስንልጥ ዋልን። ስትሮኩ ግራ እግሩን ቢይዘውም አፉን አልያዘውም። ጎረቤታችን ክሎቪስ በመኪና ሲያልፍ ቆመ።

"ዛሬም ሚስትህን ታሠራለህ፣ አንተ ሰነፍ?"

"ወሬኛ! ወርደህ አታግዛትም?"

ወረደ። እስኪመሽ ሁለቱ ሲሰዳደቡ... ዩሊስ ከመንገደኛ ጋር ካላወራ ምግብ አይወርድለትም።

ከባንኩ ደብዳቤ መጥቷል። ነገ አየዋለሁ።

ማርች 4
ደብዳቤውን ከፈትኩት። መንግሥት አዲስ የጎርፍ ካርታ አውጥቷል። ቤታችን የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ገባ። የባንክ ብድር ያለበት ቤት የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዴታው ነው፤ አለዚያ ይወሰዳል። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም! ቤቱ እንዳለ ተነስቶ ምሰሶ ላይ ከፍ ካለ ግን ይቀንሳል። የማንሻውን ወጪ መንግሥት ይችላል አሉ። እሰይ።

ማርች 11
የቤት ማንሻውን ቅጽ ሞላሁ። "ደረጃ ለማይችል ሰው አሳንሰር ይፈለጋል?" ይላል። ዩሊስ ቱግ አለ።

"እኔ ዕቃ ነኝ? በእግሬ እወጣለሁ!"

"አንተ ሰው፣ የትኛው እግርህ?"

"አይፈለግም ብለሽ ጻፊ አልኩሽ።"

ጻፍኩ። ከሱ ጋር ማን ይጨቃጨቃል...

ሜይ 19
ቤቱ ተነስቶ ምሰሶው ላይ ተቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ቆጠርኩ። ክሎቪስና ወንድሙ ዩሊስን ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ክሎቪስ እያለከለከ፣ "ከእንግዲህ ጌታዬ ልበልህ?" አለው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ጁን 27
ዩሊስ ከወጣ አንድ ቀንም አልወረደም። ክሎቪስ ጉልበቱን ስለሚያመው ከመንገድ ጥሩምባ ነፍቶ ያልፋል። ከላይ የመኪናው ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየው።

"ማን ነበር?" ይለኛል ዩሊስ። ምሳውን አልነካም።

ጁላይ 8
ልብስ ሳጥብ ብቻውን ሊወርድ ሞከረ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ። ሊወርድ የተነሳው ክሎቪስ ጥሩምባ ሲነፋ ሰምቶ ነው።

ምነው ያን ቅጽ የሞላሁ ቀን እጄ በተሰበረ...

ጁላይ 30
ሐኪሙ ደረጃ ያለበት ቤት አይታሰብም አለ። ከተማ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባሁት። ቤቱን ያነሱት ቢሮ ሄጄ አሳንሰሩን እንዲሠሩልን ለመንኩ። "እማማ፣ አይፈለግም ብለው እኮ ፈርመዋል፤ ጊዜውም አልፏል" አለችኝ የቢሮዋ ልጅ። ልጅቷ ምን ታድርግ?

ሴፕቴምበር 2
አውሎ ነፋስ ይመጣል ተብሎ ከሸሸሁበት ተመለስኩ። አውሎ ነፋሱ አልፏል። ውሃው አሥረኛው ደረጃ ላይ ጭቃውን ትቶ ሄዷል። ቤት ውስጥ ግን ምንም ጭቃ የለም። ከኢንሹራንሱ ደውለው "ጉዳት ደረሰ?" አሉ። አልደረሰም አልኩ።

ቀጥሎ ዩሊስ ደወለ።

"ውሃ ገባ?"

"ጠብታም አልገባም።"

"ተመስገን!... ታዲያ ቤቱ ደህና ከሆነ ለምን አትወስጂኝም?"