እስከ ሰኞ ድረስ እባክዎ ይፍሩን

ለተከበሩ አቶ ገብረመድኅን፣
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበርና የበሽተኛ ጠያቂዎች አዝማች፤
ሸዋ በር፣ ሐረር

ጤናዎ እንደ ጀጎል ግንብ የጸና፣ ሳልዎ ግን እንደ ግንቡ ዕድሜው ያልረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አስቀድሜ ከባድ ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ወረቀት ከእድሩ የቀሪዎች መዝገብ መጨረሻ የተገነጠለ ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ይህን ያህል በመድፈሬ አንገቴን ደፍቼ ወደ አቤቱታዬ አልፋለሁ።

አንደኛ፦ የዘጠኝ ወር ወንድሜን ሚልኪያስን ለመጠየቅ ማክሰኞ ዕለት ዐሥራ አራት ሆናችሁ ሆስፒታል ስለመጣችሁ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዶክተር ሀያት «የሳንባ ምች» ብላ ስትናገር፣ እርስዎ «ሳንባ»ውን ለሐኪሞች ትተው «ምች»ን ብቻ በመውሰድ፣ ከጓሮዎ የቀጠፉትን ዳማከሴ አሽተው ከኦክስጅኑ ቱቦ ጎን ሊያሸትቱት ሞክረዋል። ነፋስ እንዳይመታውም መስኮቱን ዘጉ፤ ከዚያ ሁላችሁም ተራ በተራ ጉንጩን ሳማችሁት፤ በመጨረሻም እርስዎ ሊመርቁት አፍዎን ሲከፍቱ ሳል ቀደመዎ። ምርቃቱ ባያልቅም ሳሉ በሚገባ ደርሶናል።

ሁለተኛ፦ ዶክተሯ «ያመጣበት ቫይረስ ነው» ስትል፣ በእናንተ ዘመን ቫይረስ አንድ ብቻ ስለነበረና እሱም በሹክሹክታ ይጠራ ስለነበረ፣ ዐሥራ አራት ሰው በአንድ በር በአንድ ጊዜ መውጣት እንደሚችል አስተምራችሁናል። ወሬው በደቂቃ ከጀጎል በሮች ሌላው እስከ ፈላና በር ድረስ ደርሶ፣ የዚያ ሰፈሯ እትዬ በለጡ ለእናቴ ደውለው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ እኮ መድኃኒት አለው» እያሉ አለቀሱ። እናቴም ለምን እንደሚለቀስ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች።

ዶክተሯ ኋላ እንዳስረዳችን የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቁ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ለእርስዎ ተራ ጉንፋን የሆነው ለሚልኪያስ ትንፋሽ ማጣት ነው፤ የሚተላለፈውም በሳልና በእጅ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን ስለማይነካው፣ ከጥርስ ሕመምዎ ተርፎ ያመጡለት ክኒን በክብር ይመለስልዎታል።

ሦስተኛ፦ ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ሽሽታችሁን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ዝር አላለም፤ መስኮቱ ተከፈተ፤ ትናንት ኦክስጅኑ ተነሣለት፤ ከዚህ በላይ ካልታመመ ሰኞ ይወጣል። ታዲያ አሁን «ለካ ጉንፋን ኖሯል!» ተብሎ ነገ እሑድ ሃያ ሦስት ሆናችሁ ለይቅርታ ልትመጡ ነው አሉ። በጥየቃ ከማይተላለፈው በሽታ ሸሽታችሁ፣ በጥየቃ ወደሚተላለፈው መገስገሳችሁ የእድራችንን ጀግንነት ያሳያል። ክቡርነትዎ፣ ያለን አንድ ሚልኪያስ ነው። እባክዎ እስከ ሰኞ ድረስ ይፍሩን።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ከሦስት እርምጃ ርቀት እጅ የምነሣዎ፣
ዮዲ ዳዊት፣ መስኮት ከፋች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህቺን መስመር የምጨምረው ደብዳቤውን በእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ፣ ቆሜ ነው። ሲያስልዎ አፍዎን በክርንዎ ይሸፍኑ። እንዲያውም የማውቀው ሳል ከኋላዬ እየቀረበ ስለሆነ፣ ክርን እንዴት እንደሚታጠፍ በሥዕል ላሳይ—

«ዮ... እኽ! እኽ! ...ዲ!»