የአዴ ሐሊማ ጊሽጣ

ጥቅምት 6፣ ከት/ቤት መልስ
ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬም አልተከልኩም። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ መሬቱ ደርቋል፤ ዶማው ይነጥራል። ቲማቲሙ ቀጥኖ ወደ ላይ ብቻ ይሳባል፤ ፀሐይ አጥቶ። ሁሉ ከጎረቤቴ ከአዴ ሐሊማ ጊሽጣ ዛፍ የመጣ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ መደቤን ሙሉ ያጠላበታል። ቅርንጫፉን እንዲያስቆርጡልኝ ለመንኳቸው። ፍሬው ይለቀም፣ ከዚያ እናስቆርጠዋለን ልጄ አሉኝ። ዛፉን የተከለችው ሟች ልጃቸው ናት። ፍሬውን በስሟ ለሰፈሩ ሕፃናት ሰደቃ ያወጡታል። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ግቢዬ ስገባ ግን ዶማውን ወረወርኩት።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። መደቡን ጠለቅ አድርጌ ስቆፍር የጊሽጣው ሥሮች በአጥሩ ሥር አልፈው እኔ ግቢ ገብተው አገኘኋቸው። አንዱ የክንዴን ያህል ይወፍራል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። መጥረቢያ አመጣሁ። አንዱን ቆረጥኩ። ቀጠልኩ። ላብ አጥምቆኝ ቀና ስል፣ ለሽንኩርቱ ቦታ ብዬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዛፉ እንዲደርቅልኝ ፈልጌያለሁ። ቶሎ ቶሎ አፈር መለስኩበት።

ጥቅምት 21፣ አርብ
ቅጠሉ እየረገፈ ነው። አዴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከሚጠጡት የጀሪካን ውሃ እየቀነሱ ያጠጡታል። አላስቻለኝም፤ ተቀብዬ አጠጣሁላቸው። አላህ ይስጥሽ ብለው መረቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተረፉትን ጊሽጣዎች አስታቀፉኝ። ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። አልነካኋቸውም።

ጥቅምት 25
የባሰ መጣ። አዴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር ሰሚራ የምትባል ልጅ አለች። ሕፃን አላት። አዴ የሳሙና ውሃ እየደፋች ዛፌን ገደለችው ብለው አመኑ። ሰሚራ ወላሂ ቦዩ ውስጥ ነው የምደፋው ብላ ማለች። አላመኗትም። ውሃ የምንቀዳበት ቦኖ ጋ ሴቶቹ ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ። አንዷ ወደኔ ዞራ፣ አጥሩ ሥር ነው ያለሽው፣ ስትደፋ አላየሽም? አለችኝ። አላየሁም ማለት ስችል "እንጃ" አልኩ።
እንጃ! ምላሴን በቆረጠው።

ጥቅምት 28
ሰሚራ ልቀቂ ተብላለች። ፈላና በር በኩል ክፍል ስትፈልግ ውላ፣ ልጇን አዝላ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። አቧራ ለብሳለች። አገኘሽ ወይ አልኳት። ሕፃን ያላትን ማን ያስጠጋል አለችኝ። ቀጥላ፣
"አዴ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዛፉ የልጃቸው ነዋ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የሚያደርገኝ" አለች።
ለእሳቸው ታዝናለች!

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ ከሰዓት
ሄድኩ። አዴ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሰሚራ እዚያው ልብስ ታሰጣለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።
"አዴ፣ ሥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በመጥረቢያ። ሰሚራ የለችበትም።"
እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ።
"ሳታውቂ ነው?"
"አውቄ ነው።"
ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ።
"አስተግፊሩላህ! የሰው ልጅ በደልኩ" አሉ፤ ወደ ሰሚራ ዞረው። "አፉ በይኝ ልጄ። የትም አትሄጂም።"
ሰሚራ እርጥቡን ልብስ እንደታቀፈች አለቀሰች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።
ልወጣ ስል አዴ ጠሩኝ።
"የዛፉን አላህ ያውቃል፤ ገና ሆዴ አልሻረም። የሰሚራን ስም ግን ሁለታችን ነን ያጠፋነው። እኔ ነገ ቦኖው ጋ ወርጄ እናገራለሁ። አንቺስ?"
ዞሬ ከግቢው ወጣሁ።

አመሻሽ
የእነዚያን የቦኖ ሴቶች ልጆች ነው የማስተምረው። ነገ ይህን ሰምተው ሰኞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ከቅዳሴ መልስ ባደርገውስ ብዬ ነበር፤ ሰዉም ይቀንሳል።
አይሆንም። ይህን በሆዴ ይዤ ቅዳሴ አልቆምም። ጧት፣ ሴቶቹ ወረፋ እንደያዙ፣ ከአዴ ቀድሜ እሄዳለሁ።