ባለ አንድ እግሩ ዶሮ

ይድረስ ለወንድሜ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እማዬም፣ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር፣ ደህና ነን።

ቤተ መጻሕፍቱ እንዳለ ነው። ጠዋት የድሮ የፖለቲካ ፓምፍሌቶችን፣ ከሰዓት አዳዲስ የሥዕል መጻሕፍትን እመዘግባለሁ። ሥዕልህ የታተመበት መጽሐፍ ደርሶናል፤ ያ የልጅነታችን ባለ አንድ እግር ዶሮ፣ ከሥሩ ሙሉ ስምህ። እማዬ አይታ በደስታ አለቀሰች። ከፓምፍሌቶቹም መካከል ደራሲው ያልታወቀ አንድ አለ፤ ሽፋኑ ላይ ያው ዶሮ ቆሟል።

አለቃችን ዘንድሮ ትጋት በዝቶባቸዋል። «ከእንግዲህ ያልታወቀ ብሎ ነገር የለም» ይላሉ። ጫማቸው የሚያብለጨልጭ ሁለት ሰዎችም በየቀኑ እየመጡ ፓምፍሌቶቹን ያገላብጣሉ። የሥዕል መጽሐፉን ሲጠይቁኝ «ገጹ ተገንጥሎ ጠራዡ ጋ ነው» አልኳቸው። ጠራዡ እንደምታውቀው መጽሐፍ ከገባለት ዓመት የማይበቃው ሰው ነው፤ አሁን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ትናንት ጨርሶ አመጣው። የተቀበሉት አለቃዬ ናቸው።

እማዬ ለእህታችን ሠርግ ትመጣለህ ብላ አልጋህን አንጥፋለች። ፈቃድ ተከለከልኩ በላት። ብታኮርፍም ያልፍላታል። አንተ እዚያው ወፍራም ካፖርት ግዛ፤ ናፍቆት ሰው አይገድልም።

ደህና ክረምልኝ።

እህትህ