አንዲት ት ጨምረው ስልሳ ሦስት ኩንታል ስለቀነሱበት መኪና

ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለተከበሩ ጓድ የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ሹም፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠበቀ፣ ወንበርዎም ከነባለቤቱ የማይነቃነቅ ይሁን እያልሁ፣ ከታላቅ ሐዘን ጋር አንድ ከባድ ዜና አስታውቃለሁ፦ የአቶ ጀላሉዲን ሙሀመድየሱፍ ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ሳይታመም ሳይተኛ፣ በአንድ ጀንበር ስልሳ ሦስት ኩንታል ከስቷል።

የክሳቱ ምክንያት ይህ ነው። ሊብሬው ሲታደስ ጸሐፊዎ «የመጫን ችሎታ፦ ሰባ ኩንታል» የሚለውን «ሰባት ኩንታል» ብሎ አሳመረው። ጨምሮ የሚቀንስ ጽሕፈት ቤት ከእርስዎ ሌላ አላየሁም፤ አንዲት ት ጨመራችሁና ሰባ የተባለው መኪና ከሳ። የመኪና በር የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ በትእዛዝዎ መሠረት «ሰባት» ብዬ ቀባሁለት። ቀለሙ ሳይደርቅ አህያ ነጂዎች መጥተው፣ የሥጋ ዘመዳችን ነው ብለው ሳሙት።

ምስጋናዬ በቁጥር ይከተላል።

፩ኛ. አቶ ጀላሉዲን ሚያዝያ ፲፯ ቀን ስሕተቱ ይታረም ብለው ሲያመለክቱ፣ ደንቡ ስለ ችሎታ ማሳደግ እንጂ ስለ ማረም አያውቅም ብለው ስላስተማሯቸው እናመሰግናለን። ለማሳደግም የተለወጠውን ባሌስትራና ከፋብሪካው የተጻፈ ደብዳቤ ያምጡ ተባሉ። ፋብሪካው ጣሊያን ነው፤ ሰውየው ከጎንደር አልፈው አያውቁም። በመኪናው ላይ የተለወጠች ነገር ብትኖር ያችው ት ናት፤ እሷንም የለወጥነው እኛ አይደለንም።

፪ኛ. ለይፋግ ገበሬ ማኅበር የሚሄድ ሰባ ኩንታል የጤፍ ዘር እዚህ መጋዘን ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ አቶ ገብረ መስቀል ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ሐምሌ ከወጣ ዘሩን ለዶሮ በትኑልኝ ብለው ሄዱ። እርስዎ ግን በአሥር ምልልስ ይሂድ ብለው ስለፈረዱ፣ ናፍጣ በኩፖን የሚያድሉት ጓድ እስከ ዛሬ እየሳቁ ነው። ከደቅ ደሴት እንጨት ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ እንኳ ሰባት ኩንታል ቢሉት ይቀየማል።

፫ኛ. ሦስተኛ የለኝም። አቤቱታ ከሦስት ካነሰ አይነበብም ስላሉኝ ነው።

ስለዚህ ትናንት ያችን ት ከበሩ ላይ በነጭ ጋዝ አጠብኋት። ዘሩ ተጭኗል፤ ይህ ደብዳቤ ደጃፍዎ ላይ ሲለጠፍ መኪናው የዓባይን ድልድይ ተሻግሯል። የኬላው ሰው ሊብሬ መግለጥ ስለሚሰለቸው በሩን አንብቦ አሳልፎታል። ጥፋት ከሆነ አቶ ጀላሉዲንን አይጥሩ፤ አጣቢው እኔ ነኝ፣ ሱቄም ፋሲሎ ሰፈር ነው፣ በሩም ክፍት ነው።

ለነገሩ ይህን ያህል የሚያስጽፍ ጉዳይም አልነበረም። አንዲት ፊደል ናት፤ በአውራ ጣት ትሸፈናለች።

ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ኤንትሬውም ይከተል፤

አክባሪዎ አስማማው አዘዘ
የታፔላና የመኪና በር ጸሐፊ፣ በስድስተኛ ክፍል የመጫን ችሎታው ያበቃ

ማስታወሻ፦ ከቢሮዎ በር በላይ «ጉዳይዎ በሰባት ቀን ይፈጸማል» የሚለውን ታፔላ የጻፍሁትም እኔ ነበርሁ። ነጭ ጋዙ ስለተረፈኝ የእሱንም ት አጥቤ የቀን ችሎታዎን አሳድጌልዎታለሁ። ማመልከቻው ከገባ ዛሬ ስልሳ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ አይቸኩሉ፣ ገና ሦስት ቀን አለዎት።