የወንዙ ፋይል የጠፋ ዕለት

እጅግ የምወድሽ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ስፌት መኪናው ላይ ስትሠሪ በየመሃሉ ብድግ ትያለሽ ወይስ አሁንም እንዳጎነበስሽ ትውያለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? የእማዬን ጤንነት ለብቻው ጻፊልኝ፤ «ደህና ናት» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊኝ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

«ጎረቤት ስለ ሥራህ ሲጠይቀኝ ኮምፒውተር ይጎረጉራል እላለሁ» ብለሽ የጻፍሽው አስቆኛል። እውነትሽን ነው፣ እጎረጉራለሁ። ቢሮአችን የወንዝ ከፍታ ይከታተላል። ከላይ በግድቡ በኩል ያሉት ሰዎች ውሃውን እየለኩ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ በፋይል ያስቀምጣሉ። እኔ የጻፍኩት አጭር ኮድ ደግሞ በየማለዳው ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ፋይሉን ያወርድልናል። «እነ እገሌ ቤት ሂድና ወንፊቱን ተቀብለህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ» ብለሽ ሰው እንደምትልኪው ማለት ነው። ከዚያ ቁጥሩን አይተን ከታች ወንዝ ዳር ላሉት ስልክ እንደውላለን።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ጉድ ሆንኩልሽ። ኮዱ እንደ ወትሮው «ወርዷል» አለኝ፤ ፋይሉም በቦታው ተቀምጧል። ስከፍተው ግን ቁጥር የሚባል ነገር የለውም፤ «የፈለጉት ገጽ እዚህ የለም» ይላል። ለካ ፋይሉን ወደ ሌላ አድራሻ አዛውረውት፣ የእኔ ጉደኛ መልእክተኛ በር ላይ የሰጡትን ብጣሽ ወረቀት ወንፊት ነው ብሎ ይዞልኝ መጥቷል!

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሁሉ ነገር ቀላል ስለሚመስለው «ምንችግር» እንለዋለን። «የትናንቱን ቁጥር ድገመውና ተገላገል፤ ወንዙ የት ይሄዳል?» አለኝ። ልደግመው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ከታች የውሃ ፓምፕ የሚጠብቁ አንድ አባባ አሉ፤ ስደውልላቸው ሁሌም «ወንዛችን እንዴት አደረች?» ይሉኛል፣ አራስ የሚጠይቁ ይመስል። ቤታቸው ዳርቻው ላይ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስተኙት የእኔን ቃል አምነው ነው። እጄ እምቢ አለኝ።

ላይኞቹ ዘንድ ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። ድረ ገጻቸውን ገጽ በገጽ ስበረብር ቆይቼ አዲሱን አድራሻ አገኘሁት። ኮዱ ውስጥ አሮጌውን አድራሻ አጥፍቼ አዲሱን ጻፍኩበትና እንደገና ላክሁት። ፋይሉ ወረደ። የመጨረሻውን መስመር ሳይ ውሃው አይቼው በማላውቀው ልክ ከፍ ብሏል፤ ወዲያው ለአባባ ደወልኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ወንዟ ደህና አላደረችም፤ ቤተሰቡን ይዘው ቶሎ ወደ ላይ ይውጡ» አልኳቸው። «እዚህ እኮ ፀሐዩ አናት ይበሳል» አሉኝና መልሰው፣ «አንተ ካልክ ግን እሺ» አሉ። ለሌሎቹ ኃላፊያችን ደወለች። ከዚያ በኋላ የአባባ ስልክ አይነሳም። ምሳ አልወረደልኝም። ቁጥሩ ስህተት ቢሆንስ? ሽማግሌውን በከንቱ ዕቃ አሸክሜያቸው ቢሆንስ? ደግሞ ባይወጡስ? ምንችግር እንኳ ያን ዕለት መቀለዱን ትቶ ከስልኩ አጠገብ አልተነሳም።

አመሻሹ ላይ ደወሉ። «ውሃዋ መጥታ ነበር። ቤት ድረስ ገብታ ፍራሹን ሁሉ ወሰደችው። ሰው ግን አላገኘችም» አሉኝና ስልኩን ለባለቤታቸው ሰጡ። እሳቸውም እያለቀሱ «ያሳደገችህ እጅ ትባረክ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። እማዬ በታመመች ጊዜ አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እጅ የማን እንደሆነች እሳቸው አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁና ምርቃቱን ሳላጎድል ልኬልሻለሁ፤ ተቀበይኝ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ጋሼን ሐኪም ዘንድ ካልሄደ እንደምቀየመው ንገሪው። ለትልቁ ልጅሽ ጎበዝ በይልኝ፤ ያችን ለፍላፊ ትንሿን ደግሞ እስክትስቅ ኮርኩሪልኝ።

ወንድምሽ

ከቢሮው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ነሐሴ 18 ቀን